ምላስ ላይ የማይጎረብጥ የቲማቲም ሾርባ ምንድን ነው?

ልስልስ ያለ የቲማቲም ሾርባ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ብሌንደር ነው። ቀቅሎ፣ ፈጭቶ፣ በቃ። ግን ተፈጭቶም ልጣጩ ጥርስ ውስጥ የሚሰነቀር፣ ሽንኩርቱ የሚታኘክ፣ ዱቄቱ የጓጎለ፣ ወተቱ የተበጣጠሰ ሾርባ ሞልቷል። እነዚህ አራቱ ደግሞ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ምክንያታቸው ይለያያል፣ መፍትሄያቸውም ይለያያል። አብዛኛው ነገር የሚያልቀው ብሌንደሩ ገና ሳይነሳ ነው።

ከልጣጩ እንጀምር። የቲማቲም ልጣጭ ቢንተከተክም አይሟሟም። የላይኛው ሽፋኑ ኩቲን ከሚባል ነገርና ከሰም የተሠራ ስለሆነ ሙቀት ብቻውን አይበግረውም። ድስት ውስጥ ውስጡ ይፈርሳል፣ ልጣጩ ግን ይጠቀለልና ጠንካራ ቀጭን ጥቅልል ሆኖ ይቀራል። ጉልበት የሌለው ብሌንደር ያንን ይቆራርጠዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ቀድሞ መላጥ ነው። ቲማቲሙን ከታች በኩል በቢላ ጫር አድርጉት፣ የሚፍለቀለቅ ውሃ ውስጥ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ አቆዩት፣ ወዲያው አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። የተጫረው ጋ ልጣጩ ተገልብጦ ታዩታላችሁ። ያንን ጫፍ ይዞ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው። በደንብ ያልቀላ ቲማቲም ትንሽ ያስቸግራል። እሱን ለሰላጣ ተዉት፣ ለሾርባ የሚሆነው ቀልቶ የለሰለሰው፣ ሊበላሽ አንድ ቀን የቀረው የሚመስለው ነው።

ምርጫ ካላችሁ ሞላላውን ግዙ። ውሃው ትንሽ፣ ውስጡ ወፍራም ነው። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ የሚባሉት የቲማቲም ዝርያዎች ከዚህ ወገን ናቸው።

ፍሬውን ጠርጎ መጣልን ግን አልስማማበትም። ፍሬው የተነከረበት ያ ዝልግልግ ነገር ከውጭኛው ክፍል የበለጠ ግሉታሜት አለው። ግሉታሜት ማለት ምግብን ጥም የሚያሰኘው፣ የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕም የሚሰጠው ነው። እሱን ጥላችሁ ሾርባው ለምን ውሃ ውሃ አለ ማለት አይቻልም። አብሮ ይቀቀል፣ ፍሬውን በኋላ ወንፊት ያስቀረዋል።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሾርባ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ድስት ውስጥ ከትቶ መቀቀል ቀላል ይመስላል፣ ግን ቲማቲም ኮምጣጣ ነው፣ የኮመጠጠ ነገር ውስጥ ደግሞ የሽንኩርት፣ የካሮትና የድንች ግድግዳ ቶሎ አይላላም፣ ሰዓት ሙሉ ቢንተከተክም ውስጡ ቀርጨም ያለ ነገር ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ ሽንኩርቱና ካሮቱ ቲማቲም ሳያያቸው በፊት መብሰል አለባቸው። ይህን ደግሞ እኛ ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። ወጥ ስንሠራ ቁሌቱን ጨርሰን አይደል ሌላውን የምንጨምረው? ለሾርባም እንዲሁ ነው፣ ልዩነቱ ሽንኩርቱ መቅላት የለበትም። በ2 ማንኪያ ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ ሲደርቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት። በማንኪያ ጀርባ ድስቱ ጎን ላይ ስትጫኑት ልም ብሎ ከፈረሰ ደርሷል። ከተንሸራተተ ገና ነው።

አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የሚቀቀል ነገር ለመብሰል ይቆያል። የውጭ የምግብ አሠራር «20 ደቂቃ» ሲላችሁ ሰዓቱን አትመኑ፣ ካሮቱን በሹካ ወግታችሁ እዩ።

ለ1 ኪሎ ቲማቲም አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃል። አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ከቁሌቱ ጋር ትንሽ ቢጠበስ ቀለሙም ጣዕሙም ይጠነክራል። ካሮቱ ኮምጣጣነቱን ስለሚያለዝብ ስኳር አያስፈልግም። ውጭ አገር ሆናችሁ የቆርቆሮ ቲማቲም የምትጠቀሙ ደግሞ የተከተፈውን ሳይሆን ተልጦ ሙሉውን የታሸገውን ምረጡ። የተከተፈው ቅርጹን እንዲይዝ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመርበታል፣ እሱ ደግሞ ስትቀቅሉት አልፈርስም ይላል።

ማወፈሪያ ላይ ዱቄት የሚወድ ሰው አለ። ደረቅ ዱቄት የሚፈላ ሾርባ ላይ ሲነሰነስ ውጩ ወዲያው ይበስልና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይጓጉላል። ወይ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ ወይ ከቁሌቱ ጋር አብራችሁ አብስሉት። እኔ ግን ሩዝ እመርጣለሁ። አንድ እፍኝ ሩዝ ውሃው ውስጥ አብሮ እስኪፈርስ ተቀቅሎ ሲፈጭ፣ ያለ ወተት ያለ ቅቤ ክሬም የገባበት ይመስላል። ለጾም ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ድንችም ይሆናል፣ ብቻ ብሌንደር ውስጥ ብዙ ሲቆይ ሙጫ ሙጫ ይላል።

በፍስክ ቀን ወተት ካማራችሁ ተጠንቀቁ። አሬራ እሳት ላይ ሲሞቅ አይብ የሚሆነው ኮምጣጣነትና ሙቀት ሲገናኙ የወተቱ ፕሮቲን ስለሚያያዝ ነው፣ ትኩስ ቲማቲም ላይ የፈሰሰ ወተትም የሚበጣጠሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ድስቱን ከእሳት አውርዱ፣ ሾርባውን በጭልፋ በጥቂት በጥቂቱ ወተቱ ላይ ጨምራችሁ አማስሉ፣ ወተቱ ሲሞቅ ወደ ድስቱ መልሱት። ከዚያ በኋላ አይፈላም። ክሬም ስቡ ብዙ ስለሆነ የበለጠ ይችላል።

ሲፈጭ ብሌንደሩን ከግማሽ በላይ አትሙሉት። ትኩስ ነገር ሲመታ እንፋሎቱ ክዳኑን ሊያፈናጥረው ይችላል፣ የሚያቃጥለው ደግሞ ፊትና እጅ ነው። የክዳኑን መሃል ቡሽ አንሱ፣ በፎጣ ሸፍናችሁ በዝቅተኛው ፍጥነት ጀምሩ። ጊዜ ካለ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

መጨረሻ ላይ ወንፊት። እንደ ትርፍ ሥራ የሚያየው ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ግን ብሌንደርና ወንፊት ምረጪ ብባል ወንፊቱን ነው የማነሳው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። በደንብ የበሰለ ሾርባ በጭልፋ ጀርባ ክብ ክብ እያደረጉ ሲጫኑት ያልፋል፣ ፍሬውና የተረሳ ልጣጭ ላይ ይቀራል። የወንፊቱን ሥር በማንኪያ መጥረግ አትርሱ፣ ወፍራሙ እዚያ ነው የሚጣበቀው። ዱቄት መንፊያው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ያደክማል፣ ቀዳዳው ሻይ ማጥለያ የሚያክለው ይበቃል።

ያደረ ሾርባ ይወፍራል። ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ በቀስታ አሙቁት፣ ጨውንም ያኔ ቅመሱት።