የክርስቲያን ጉባኤያት የውይይት ሥርዓት በጅማ

በጅማ ክርስቲያኖች ዘንድ የእምነት ውይይት የሚካሄደው በዋናነት በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሰንበት ትምህርት ቤትና የተማሪዎች ግቢ ጉባኤ የሚያዘጋጁት የጥያቄና መልስ መርሐ ግብር ነው። ሁለተኛው በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የቤት ጥናት ወይም የቤት ኅብረት የሚባለው፣ በየሳምንቱ በአንድ ምእመን ሳሎን የሚሰበሰበው ትንሽ ቡድን ነው። ሦስተኛው በየወሩ በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ቀን የሚገናኘው የጽዋ ማኅበር ነው፤ እዚህ ውይይቱ በመርሐ ግብር ባይያዝም ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ መነሳቱ አይቀርም። ሦስቱ በሥርዓት ይለያያሉ፤ የሚበላሹበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል።

ውይይቱን የሚመራው ሰው እንደ ቦታው አወያይ፣ መድረክ መሪ ወይም (በጽዋ ማኅበር) ሙሴ ይባላል። ድርሻው ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን፣ በምን ዓይነት አነጋገር እንደሚናገር መጠበቅ ነው። የትምህርቱን እውነትነት መፍረድ የመምህሩ፣ የካህኑ ወይም የመጋቢው ፈንታ ነው። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ደርቦ ሲይዝ ተራ ጠባቂውም ተከራካሪ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ «ጊዜህ አልቋል» ቢል ማንም በቅንነት አይሰማውም።

የከተማው መልክ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከጅማ ከተማ ነዋሪ ወደ 47 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 39 በመቶው ሙስሊም፣ 13 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ከከተማው ወጣ ሲሉ ግን ዞኑ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከጅሬን ኮረብታ ላይ ቁልቁል የሚያያት ከተማ የብዙ እምነት ሰዎች አብረው የኖሩባት ናት። አንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ሦስት እምነት፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ በር መኖሩ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ በከፍተኛ ድምፅ የተባለ ነገር ሳሎን ውስጥ አይቀርም።

ሌላው የውይይቱ ምንጭ ተማሪው ነው። የቀድሞው የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ከየክልሉ የሚመጣው ወጣት ብዛት ጨመረ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ስለሚያዝ፣ የተማሪ ጉባኤያት የሚሰበሰቡት ከግቢ ውጭ በአጥቢያ አዳራሾች ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ የሚያመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፍ ያገኘው አይደለም፤ ማታ መኝታ ክፍል ሌላ እምነት ያለው ጓደኛው ጠይቆት መልስ ያጣበት ነው። አወያዩ ይህን ካላወቀ ጠያቂውን እንደ ተጠራጣሪ ይቆጥረዋል፤ ልጁም ሁለተኛ አይጠይቅም።

የቆየው የሙግት ውርስ

አማርኛ ተናጋሪው ለክርክር እንግዳ አይደለም። የጥንቱ ባለጉዳይ ዳኛ ፊት ቆሞ «ተጠየቅ»፣ «በላ ልበልሃ» እያለ በግጥምና በምሳሌ ይሟገት ነበር፤ ቃል ያሳመረ፣ ተቃዋሚውን አፍ ያስያዘ ያሸንፋል። ይህ ስልት ዛሬም በመንፈሳዊ ውይይት ውስጥ ሳይታሰብ ብቅ ይላል። ለችሎት ያምራል። ለጥናት ግን አይሆንም፤ ችሎት ረቺና ተረቺ ያስፈልገዋልና።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክም ሁለት ዓይነት አካሄድ ይታያል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት የተደረገው የሃይማኖት ክርክር በንጉሥ ውሳኔ የተዘጋ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተካሄደው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ግን ለረጅም ጊዜ ያከራከረውን የሰንበት ጉዳይ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ በማድረግ የተለያዩትን ወገኖች አስማማ። ለትንሽ ቡድን ከሁሉ የሚቀርበው ግን የአንድምታ ትርጓሜ ስልት ነው። ሊቃውንቱ ለአንድ ንባብ ሁለትና ሦስት ፍቺ ሲኖር «አንድም» እያሉ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው አይባረርም። ጎበዝ አወያይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጥቅስ ላይ ሲለያዩ ይህችን «አንድም» ቢያስታውሳቸው ነገሩ ይለዝባል። መሠረተ እምነት ላይ ግን አይሠራም፤ እዚያ «አንድም» ማለት ለማለስለስ ተብሎ መደባበቅ ይሆናል።

ዝግጅት

ለውይይት የሚመቸው ቁጥር ከ8 እስከ 12 ነው። ከ15 ሲያልፍ ተናጋሪዎቹ እነዚያው አራትና አምስት ይሆናሉ፤ የቀሩት አድማጭ ሆነው ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ ቡድኑን ለሁለት መክፈል፣ ካልተቻለም ውይይቱን ትቶ በትምህርትና በጽሑፍ ጥያቄ መቀጠል ይሻላል። ወንበሩ በረድፍ ሳይሆን በዙሪያ ይደረደራል። ሁለት ተፎካካሪ ሰዎች ካሉ ፊት ለፊት አይቀመጡም፤ በአንድ ወገን ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው ሌላ ሰው ሆኖ ቢቀመጡ ዓይን ለዓይን አይጋጠሙም። ተራ ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን ከማንኛውም ምክር የበለጠ ይሠራል።

በክረምት አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የጅማ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሁለት ወንበር አልፎ የተቀመጠው አይሰማም። ሰው ለመሰማት ይጮኻል፣ ሌላው ጩኸቱን ቁጣ ብሎ ይተረጉማል። ዝናቡ ሲበረታ ውይይቱን አቁሞ መዝሙር መዘመር ወይም ዝም ብሎ ማንበብ የለመዱ ቡድኖች ያልታሰበ ጠብ ይቀንስላቸዋል።

ከመሪው ሌላ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሰዓት ጠባቂና ጸሐፊ። የመልሱ ኃላፊ የሆነው መምህር ካልተገኘ ከመጀመሪያው ይነገራል፤ የሚከብደው ጥያቄም ለሚቀጥለው ሳምንት በይፋ ይቀጠራል። መጽሐፍ ቅዱስን በተመለከተ በተለይ ከተለያየ ቤተ እምነት የመጡ ሰዎች ባሉበት፣ ማስረጃ የሚጠቀሰው ከየትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይስማማሉ። ኦርቶዶክሱ 81 መጻሕፍት፣ ወንጌላዊው 66 ይቆጥራል። መጽሐፈ ሔኖክ ወይም ኩፋሌ ድንገት ሲጠቀስ የዕለቱ ርዕስ ተረስቶ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር ክርክር ይነሳል፤ ሰዓቱም በዚያው ያልቃል።

ቁራጭ ወረቀት

በብዙ ጉባኤ ጥያቄ የሚቀርበው በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ፣ ታጥፎ፣ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ፊት እየተላለፈ ነው። ይህ ልማድ ለዓይናፋሩና ለአዲሱ ሰው ትልቅ በረከት ነው፤ ለመሪውም ጥያቄውን ከማሰማቱ በፊት የማሰቢያ ደቂቃ ይሰጠዋል። ዋናው ሥራ ያለው አመዳደቡ ላይ ነው።

ወረቀቶቹ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ክምር የዕለቱን ርዕስ የሚመለከቱትን ይይዛል፤ እነዚህ እንደተጻፉ ይነበባሉ። ሁለተኛው መልካም ጥያቄ ሆኖ ለዕለቱ ያልሆነው ነው፤ ርዕሱ ብቻ ተጠርቶ ቀን ይቆረጥለታል። ሦስተኛው ክምር ውስጥ የሰው ስም ያለበት፣ ስድብ ያዘለ፣ ወይም የግል ኃጢአትንና የቤተሰብ ጉዳይን የያዘ ወረቀት ይገባል። ስድቡ አይነበብም። የግሉ ጉዳይ «እንዲህ የጻፍከው ወንድም» ተብሎ በአደባባይ እንኳ አይጠቆምም፤ ባለጉዳዩ በንስሐ አባቱ ወይም በመጋቢው ዘንድ እንዲመለስ ለሁሉም በጥቅሉ ይነገራል። አንድ ወጣት ስለ ራሱ የጻፈው ወረቀት ተነቦ አዳራሹ ከሳቀ፣ ያ አዳራሽ እውነተኛ ጥያቄ እንደገና ለማግኘት ብዙ ጊዜ ይወስድበታል።

መሪው የሚስትበት ሌላ ነገር ጥያቄውን እያሳጠረ ማስተካከሉ ነው። «ጥያቄው ስለ ጾም ነው» ብሎ የሚያልፈው ወረቀት «ጨጓራ በሽተኛ ነኝ፣ ጾም ያስጨንቀኛል» የሚል ሊሆን ይችላል፤ መልሱ የተለያየ ነው። ፊደሉ የማይለይ ካልሆነ በቀር ቃሉን አለመንካት ይበጃል። ያልተነበበ ወረቀት ቢኖር «ሦስት ወረቀት አላነበብንም፣ ምክንያቱም…» ተብሎ ይነገራል። ዝም ብሎ ኪስ ውስጥ የገባ ወረቀት ግን «ከባዱን ጥያቄ ደበቁት» የሚል ሐሜት ይወልዳል።

የሰዓቱ አካሄድ

ከ11፡30 እስከ 1፡00 ሰዓት በሚቆይ የማታ ጥናት ለጸሎትና ለመዝሙር 10፣ ለንባብና ለመግቢያ 15፣ ለውይይት 45፣ ለወረቀት ጥያቄ 10፣ ለማሳሰቢያና ለመዝጊያ ጸሎት 10 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሰው በአንድ ተራ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይናገራል፤ ሌላው ሁሉ ዕድል ሳያገኝ ሁለተኛ አይመለስም። መዝጊያው ሰዓት አይገፋም። ከመሸ በኋላ ባጃጅ ማግኘት ስለሚከብድ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሴቶችና ከሩቅ ሰፈር የመጡ ይወጣሉ፤ ያኔ የተወሰነ ነገር የቀሩት ወንዶች ውሳኔ ብቻ ይሆናል።

ተራ አሰጣጡ ላይ ዕድሜ ወሳኝ ነው። ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ወጣት «አይደለም» አይልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ከታናሽ መጀመር ይመከራል፤ ታላቆቹ የወጣቶቹን ሐሳብ ሰምተው ያርማሉ እንጂ ቀድመው አይዘጉትም። አንድ አዛውንት ንግግራቸው ሲረዝም «ይበቃል» አይባሉም፤ «አባታችን፣ ይህን ሐሳብ ይያዙልን፣ እኅታችን ትጨምርበት» ሲባሉ ግን አይከፉም።

ቋንቋም የራሱ ጣጣ አለው። በጅማ ብዙ ሰው አማርኛና አፋን ኦሮሞ እያፈራረቀ ይናገራል። አንድ እናት ሐሳባቸውን በኦሮምኛ ሲጀምሩ ሌላው «በአማርኛ ይሁን» ብሎ ካቋረጣቸው ነገሩ ከእምነት ወደ ማንነት ይዞራል። የሚሻለው እስኪጨርሱ ጠብቆ አጭር ትርጉም ማሰማት፣ ትርጉሙንም «እንዲህ ነው ያሉት?» ብሎ ራሳቸውን እናቲቱን መጠየቅ ነው።

የሚያበላሸው

ዋነኛው የስም መለጠፍ ነው። «መናፍቅ»፣ «ተሐድሶ»፣ «ጴንጤ»፣ «አክራሪ» የሚሉት ቃላት ሐሳቡን ትተው ሰውየውን ስለሚይዙ ከዚያ በኋላ መልስ የሚሰጥበት ነገር አይኖርም። መሪው ቃሉ በወጣበት ቅጽበት ማቆም አለበት። ሁለተኛው እስኪመልስ ከጠበቀ ያቆመው በደለኛውን ሳይሆን ተበዳዩን ይመስላል።

ቀጥሎ ጥቅስ መወራወር አለ። አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው ሦስት ይመልሳል፣ ማንም ግን ገጹን አይገልጥም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የተጠራው ቁጥር ከነምዕራፉ ጮክ ብሎ ይነበባል፣ በአንድ ተራም ከአንድ ጥቅስ በላይ አይፈቀድም። ግማሹ ክርክር በንባቡ ላይ ይበርዳል፤ ከፊቱና ከኋላው ያለው ዐረፍተ ነገር የተባለውን አለማለቱ ይታያልና።

ፖለቲካና ብሔር በጎን በር ይገባሉ። ስለ ሌላው እምነት ማውራት ደግሞ በጅማ ከሌላው ቦታ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በ2003 ዓ.ም. በዞኑ በአሰንዳቦ አካባቢ ቁርኣን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነሥቶ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ስለዚህ «ሙስሊሞች እንዲህ ይላሉ» የሚል ሰው ቢያንስ ከማን እንደሰማው ይጠየቃል፤ ያልተጣራ ወሬ ለጸሎት ርዕስ ተብሎም አይነገርም። ወሬ በጸሎት ሽፋን ሲወጣ የሚቃወመው ሰው ማጣቱ የታወቀ ነው።

ሲጋጋል

ድምፅ ከፍ ሲል መሪው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል እንጂ አይጮኽም። መጀመሪያ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሐሳብ በራሱ ቃል እንዲደግም ይጠየቃል፤ ባለቤቱ «አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት» ሳይል መልስ አይሰጥም። ይህ ካልበቃ ርዕሱ በይደር ይያዛል። ከቀጠለ አጭር ጸሎት ተደርጎ ቡና ይቀርባል፤ ሲኒው እስኪዞር የሚያልፈው ጊዜ ሰዎቹ ትንፋሽ የሚሰበስቡበት ነው። ሁለቱን እዚያው በሁሉ ፊት «ተቃቀፉ» ማለት ግን አይመከርም። በሰው ግፊት የሆነ መተቃቀፍ ለዓይን እርቅ ነው፤ ቂሙ ወደ ቤት ይሄዳል።

ከጉባኤው በኋላ የሚከተለው መንገድ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ለብቻ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን። በተግባር ለሁለተኛው እርከን የሚመረጡት ሁለቱንም ወገን የሚያከብሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው የመጀመሪያው እርከን ሲዘለል ነው፤ ሰውየው ጥፋቱን ከሦስተኛ ወገን ይሰማና «ለምን ለእኔ አልነገራችሁኝም?» በሚል አዲስ በደል አሮጌውን ይሸፍነዋል።

ከውይይት ማገድ የመጨረሻ ነው፤ ሲደረግም ጊዜው ተወስኖ፣ ምክንያቱ ለራሱ በግል ተነግሮ፣ የመመለሻው ቀንም ተቆርጦ ነው። የታገደው ከጸሎትና ከአምልኮ አይከለከልም፤ የተከለከለው ንግግር ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ከአባላቱ አንድ ሰው እቤቱ ሄዶ መጠየቅ አለበት፤ ካልተጠየቀ መታገዱን እንደ መባረር ቆጥሮ ሌላ ቡድን ይፈልጋል።

ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው የሚያሰፍረው የተነሣውን ጥያቄ፣ የተሰጠውን መልስና በይደር የተያዘውን ነው። የተጣላው ማን እንደሆነ፣ ማን ማንን ምን እንዳለ አይጻፍም። በጽዋ ማኅበር ልማድ የተኳረፉ አባላት ሳይታረቁ ጽዋውን ስለማይቀምሱ፣ ሙሴው ጠበኞቹን ከወርኃዊው በዓል ቀደም ብሎ ያነጋግራል፤ ተረኛውም ጽዋውን ወደ ቤቱ የሚወስደው ከዚያ በኋላ ነው።