አመክሮ ምንድን ነው?

አንድ ታራሚ ከማረሚያ ቤት ሲወጣ ሰፈሩ «ተፈታ» ይልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። በምን ተፈታ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዋስ ይሁን በገደብ፣ በይቅርታ ይሁን በምሕረት ወይም በአመክሮ፣ ሁሉም «ተፈታ» ነው። እንዲህ መደባለቁ ግን መዘዝ ያመጣል፤ ምክንያቱም በአመክሮ የወጣ ሰው ቅጣቱን ገና አልጨረሰም። የቀረችውን ሲሶ ውጭ ሆኖ እየፈጸመ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 እንደሚለው፣ እስራት የተፈረደበት ሰው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ሲፈጽም፣ ፍርድ ቤት በአመክሮ ከእስር እንዲወጣ ሊፈቅድለት ይችላል። የማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ሐሳብ ያቀርባል፤ ታራሚው ራሱም ማመልከት ይችላል፤ ውሳኔው ግን የፍርድ ቤት ነው። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ በሩ በራሱ የሚከፈት የሚመስለው ቤተሰብ ብዙ ነው። አይከፈትም። ፍርድ ቤቱ ሦስት ነገር ያያል፦ በእስር ጊዜው ጠባዩ መሻሻሉን፣ የበደለውን እንደ አቅሙ መካሱን፣ ሲወጣም በሰላም ይኖራል ተብሎ የሚታመን መሆኑን። ማረሚያ ቤት ውስጥ የዲሲፕሊን ጥፋት የተመዘገበበት ሰው ገና ከመጀመሪያው ይሰናከላል። ለደጋጋሚ ወንጀለኛም መንገዱ ጠባብ ነው።

በሰው ዘንድ የሚታወቅ ምሳሌ ላንሳ። ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሳሁን (ቴዲ አፍሮ) በሚያዝያ 2000 ታሰረ፤ የተፈረደበት 6 ዓመት በይግባኝ ወደ 2 ዓመት ዝቅ አለ፤ በነሐሴ 2001 ወጣ። ይህ 16 ወር ነው፤ የ24 ወር ሁለት ሦስተኛ ልክ እዚያ ላይ ያርፋል። ጋዜጠኛ ተመስገን ደሳለኝ ደግሞ በጥቅምት 2007 ታስሮ 3 ዓመት ተፈረደበት። ሁለት ሦስተኛው በጥቅምት 2009 ሞልቶ ነበር፤ እሱ ግን የወጣው ሦስቱንም ዓመት ጨርሶ በጥቅምት 2010 ነው። አመክሮ የሚጠየቅ እንጂ የሚታሰብ ሒሳብ ብቻ አለመሆኑን ከእነዚህ ሁለቱ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ሒሳቡም ቢሆን ብዙዎችን ያሳስታል። ቆጠራው የሚጀምረው ፍርዱ ከተነበበበት ቀን ሳይሆን ሰውየው ከተያዘበት ቀን ነው፤ በቀጠሮ የታሰረበት ጊዜ ይያዝለታል። በመስከረም 2010 የተያዘ፣ በታኅሣሥ 2011 ደግሞ 9 ዓመት የተፈረደበት ሰው እንበል። የ9 ዓመት ሲሶ 3 ነውና 6 ዓመት መታሰር አለበት፤ ከተያዘበት ሲቆጠር በመስከረም 2016 ይሞላል። ከፍርዱ ቀን የቆጠረ ቤተሰብ ግን እስከ ታኅሣሥ 2017 እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ዓመት ከሦስት ወር የሰው ዕድሜ በቆጠራ ስሕተት ይባክናል ማለት ነው። ስለዚህ የፍርዱ ግልባጭ ላይ የእስሩ መነሻ ቀን በትክክል መጻፉን በጊዜ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሦስቱ መመዘኛዎች ቤተሰብ ቸል የሚለው ካሳውን ነው። ስንቅ ለማድረስ ከከተማ ቃሊቲ፣ አልፎም ዝዋይ ድረስ የሚመላለስ ዘመድ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ የተሰረቀበት ወይም የተጎዳው ሰው ግን ትዝ የሚለው ማመልከቻው ሊጻፍ ሲል ነው። ሕጉ የማይቻለውን አይጠይቅም፣ «እንደ አቅሙ» ነው የሚለው። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየከፈሉ ደረሰኝ መያዝ፣ ከተበዳዩ ጋር በሽማግሌ ተነጋግሮ የተስማሙበትን በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ በመጨረሻው ሳምንት ከሚጻፍ የተማጽኖ ደብዳቤ ይልቅ ዳኛ ፊት ክብደት አለው። የተበደለውም ሰው ሰው ነው፤ አመክሮ እሱን ረስቶ የሚሰጥ ከሆነ ፍትሕነቱ ይጎድላል ብዬ አምናለሁ።

ከወጣ በኋላስ? ፍርድ ቤቱ ግዴታ ሊጥልበት ይችላል፦ ከተወሰነ ቦታ እንዳይርቅ፣ መጠጥ እንዳይጠጣ፣ ከተወሰኑ ሰዎች ጋር እንዳይገናኝ፣ ሙያ እንዲማር። በዚህ የፈተና ጊዜ አዲስ ወንጀል ከፈጸመ አመክሮው ይሰረዛል፣ ያልታሰረበት ሲሶ ተመልሶ ይመጣል፣ የአዲሱ ጥፋት ቅጣት ደግሞ ለብቻው አለ። «ተፈታ» የሚለው ቃል የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ከጥል ቦታ ዞር በል የሚለው የሌለው ሰው በአንድ ምሽት ግርግር ዓመታት ሊመለሱበት ይችላሉ።

ገደብ ሌላ ነው። በገደብ የተለቀቀ ሰው ጥፋተኛ ተብሏል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ቅጣቱን ሳይወስን ያቆየዋል፣ ወይም ወስኖ አፈጻጸሙን ያግደዋል። በገደቡ ጊዜ ጠባዩን ከጠበቀ እስር ቤት ሳይገባ ያልፋል። ይቅርታ ደግሞ በይቅርታ ቦርድ በኩል አልፎ በፕሬዚዳንቱ የሚሰጥ ነው፤ ምሕረት እንደ 2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1096 በሕግ አውጪው ይታወጃል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ፕሮቤሽን የሚሉት ከሞላ ጎደል የእኛን ገደብ፣ ፓሮል የሚሉት አመክሮን ይመስላል። ይሁንና ፓሮል በፌዴራል ፍርድ ቤት ከኅዳር 1987 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተፈጸመ ወንጀል ቀርቷል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያም ከ1995 ወዲህ በአብዛኛው አስቀርታዋለች። ከዚህ የሚብሰው ግን የኢሚግሬሽኑ ጉዳይ ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ የታገደን እስራት እንደ ተፈረደ እስራት ይቆጥራል። በስርቆት ተከሶ አንድ ዓመት የተፈረደበትና ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ የታገደለት ግሪን ካርድ ያዥ፣ አንድ ሌሊት ሳይታሰር ከአገር ሊባረር ይችላል። «ፕሮቤሽን ብቻ ነው» ተብሎ ጥፋትን ከማመን በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር የግድ ነው።

ከእስር ውጭ የሚፈጸም ቅጣት በሕጋችን አለ። ለቀላል ወንጀል ፍርድ ቤቱ በእስራት ፋንታ የግዴታ ሥራ ሊያዝ ይችላል፤ ተቀጪው እየሠራ ከሚያገኘው ገቢ ለመንግሥት ይቆረጥበታል፣ ቤተሰቡ ግን እንጀራ አያጣም። ዚምባብዌ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ቀላል ጥፋተኞችን ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ውስጥ በነጻ እንዲያገለግሉ ማድረግ ስትጀምር ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተከተሏት። በ1997 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት አገልግሎት የሚደግፈው የካዶማ መግለጫ ወጣ፣ በ1998 ኬንያ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሕግ አጸደቀች። ኬንያን የጠቀማት ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ዳኛው ከመፍረዱ በፊት ስለ ተከሳሹ ኑሮ አጥንቶ የሚያቀርብ፣ ከፈረደም በኋላ የሚከታተል የፕሮቤሽን ባለሙያ አላት። የእኛ ትልቁ ጉድለት እዚህ ነው። ዳኛ በገደብ የለቀቀውን ሰው ማን ይከታተለው የሚለው ካልተመለሰ፣ ዳኛው ማሰሩን ይመርጣል፤ አይፈረድበትም።

ዘመዱ በአመክሮ የሚወጣለት ሰው በዚያን ቀን ሁለት ነገር ይያዝ፦ የውሳኔውን ግልባጭና የፈተና ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን። የተጣሉት ግዴታዎች ግልባጩ ላይ ተጽፈዋል፤ ታራሚው ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚኖረው ሁሉ ሊያነባቸው ይገባል።