ሕመምም ላብም የሥራ ልክ አይደሉም፦ ስለ ስፖርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስፖርት ጀምረው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት የሚያቆሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሰነፍ ይባላሉ። ጠጋ ተብሎ ሲታይ ግን አንዱ ጉልበቱን አሞት፣ ሌላዋ ሚዛኑ አልወርድ ብሏት፣ ሌላው በየቀኑ እስኪዝል ሠርቶ ድካሙ አልለቀው ብሎ ነው። ለዚህ የዳረጓቸው አመለካከቶች በየጂሙ የሚነገሩና እውነት የሚመስሉ ናቸው።

“ካላመመኝ አልሠራሁም ማለት ነው”

በማግስቱ ሰውነት ሲተሳሰር የሚነግረን ሥራው ለጡንቻው አዲስ እንደነበር ብቻ ነው። ጥሩ መሥራታችንን አይመሰክርም። ሕመሙ ከሥራው በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። በተለይ የሚብሰው ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ሲሸከም ነው፤ ለምሳሌ ቁልቁለት ሲሮጥ ወይም የተነሣ ክብደት ቀስ ተብሎ ሲወርድ። ዳገት የወጣ ሰው እዚያው ያለከልካል። ቁልቁለት የሮጠ ሰው ግን ያን ዕለት ምንም ሳይሰማው ውሎ፣ በማግስቱ ደረጃ የሚወርደው ግድግዳ ተደግፎ ነው።

ብዙዎች ይህን የላክቲክ አሲድ (ጡንቻ በጠንካራ ሥራ ጊዜ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር) ክምችት ነው ይላሉ። ከጠንካራ ሥራ በኋላ ደም ውስጥ የጨመረው ይኸው ንጥረ ነገር (ላክቴት) በአንድ ሰዓት አካባቢ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል፤ ከነገ ወዲያ ለሚመጣ ሕመም ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። ሕመሙ የሚመጣው በጡንቻው ክሮች ላይ ከሚደርሱ ጥቃቅን ጉዳቶችና እነሱን ለመጠገን ከሚነሣው ብግነት ነው። ያንኑ ሥራ ከሳምንት በኋላ ሲደግሙት ሕመሙ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጡንቻው ግን መጠንከሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ሕመም ለማግኘት ሲሉ በየሳምንቱ እንቅስቃሴ የሚቀያይሩ ሰዎች የሚያተርፉት ሕመሙን ብቻ ነው።

ሕመምና ሕመም ደግሞ ይለያያል። በሁለቱም ጭኖች እኩል የተሰራጨ፣ ሲነኩት የሚያም፣ ሲንቀሳቀሱ እየላላ የሚሄድ ከሆነ አያሳስብም። አንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ፣ መገጣጠሚያ ላይ ያረፈ ወይም እብጠት ያለው ከሆነ እዚያው ያቁሙ። ከከባድ ሥራ በኋላ ጡንቻ ከመጠን በላይ አብጦ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ፣ የተጎዳው ጡንቻ ይዘት ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን እያስጨነቀ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ደረት የሚጨመድድ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ከመጣም ለአፍታ አይጠበቅም።

“ብዙ ያላበው ብዙ ከሳ”

ላብ ውሃና ጨው ነው። ከሥራ በኋላ ሚዛን ላይ የጠፋው 1 ኪሎ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። ስብ ሲቃጠል አብዛኛው ክፍሉ ከሰውነት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ነው። ፕላስቲክ ለብሶ ወይም ወገብን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ላቡ እንዳይተን ይከለክላል። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ደግሞ ላቡ ሲተን ነው። ይህ ሲታገድ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይከማችና ሰውን እስከ መጣል ይደርሳል።

“ሲትአፕ ቦርጭ ያጠፋል”

አያጠፋም። የሚሠራ ጡንቻ ነዳጁን የሚያገኘው ከራሱ ክምችትና ከደም ነው፤ ከላዩ የተጋደመውን ስብ ቆንጥሮ አይወስድም። ስብ ከየት ቀድሞ እንደሚቀንስ የሚወስኑት ከቤተሰብ የሚወረስ ተፈጥሮ፣ ፆታና ሆርሞን ናቸው። ሆድን ማጠንከር ለወገብ ድጋፍ ግን ይጠቅማል፤ ለዚያ ደግሞ ፕላንክ ይሻላል። ክርንዎን ከትከሻዎ በታች አድርገው በእግር ጣቶችዎ ይደገፉ፤ መቀመጫዎን አጥብቀው 20 ሰከንድ ይቆዩ፤ አርፈው ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ወገብ መሰርጎድ ሲጀምር ዙሩ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ሰከንድ የሚያርፈው አከርካሪ ላይ ነው።

“መጀመሪያ ሰውነትን ማሳሳብ ጉዳት ይከላከላል”

ቀዝቃዛ ጡንቻን ስቦ ከአንድ ደቂቃ በላይ መያዝ ለጊዜው ጉልበቱን ይቀንሳል፤ በማግስቱ ከሚመጣው መተሳሰርም አያድንም። ከሥራ በፊት የሚያስፈልገው ማሟሟቅ ነው። 5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ሶምሶማ፣ ከዚያ እያንዳንዱን እግር 10 ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ማወዛወዝ፣ ክንድን ማሽከርከር፣ ያለ ክብደት 10 ቁጭ ብድግ። ክብደት የሚያነሡ ከሆነ የመጀመሪያውን ዙር በግማሽ ክብደት ይሥሩ። ስቦ መያዙን ከወደዱት ከሥራ በኋላ ያድርጉት።

“ቁጭ ብድግ ሲሠራ ጉልበት ከእግር ጣት ማለፍ የለበትም”

ይህ ምክር በቅን ልቦና የሚሰጥ ነው፤ ወገብን ግን ሊጎዳ ይችላል። ጉልበትን በግድ ወደኋላ ሲያስቀሩት ሚዛን ለመጠበቅ ደረት ወደፊት ይዘነበላል፤ ጫናውም ወደ ዳሌና ወደ ታችኛው ወገብ ይዞራል። ጭናቸው ረዘም ያለ ሰዎች ጉልበታቸው ጣታቸውን ሳያልፍ ዝቅ ማለት አይችሉም። ደረጃ ሲወርዱም እኮ በየእርምጃው ያልፋል።

መታየት ያለበት ሌላ ነው። እግርዎን በትከሻ ስፋት ከፍተው ጣቶችዎን ትንሽ ወደ ውጭ ያዙሩ። ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ዳሌዎን ወደኋላና ወደታች ይላኩ። ሲወርዱ ጉልበትዎ ጣቶችዎ ወደሚያመለክቱበት አቅጣጫ ይሂድ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ክብደቱ በዝቷል ወይም ደክመዋል። ተረከዝዎ ከመሬት ከተነሣ ቁርጭምጭሚትዎ አልታዘዘም ማለት ነውና ከተረከዝ ሥር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ነገር ያድርጉ ወይም ዝቅታውን ይቀንሱ። ሲነሡ አየር ያውጡ። በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሽ አምቆ መግፋት የለበትም፤ በዚያች ቅጽበት ግፊቱ በጣም ያሻቅባል።

“ትንፋሼ ከቻለ እግሬም ይችላል”

ጀማሪ ሯጮችን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ይህ ይመስለናል፤ ስሜታችንም ስለሚያረጋግጥልን ለመጠርጠር ይከብዳል። ልብና ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በአራተኛው ሳምንት ትንፋሹ የተስተካከለለት ሰው ርቀቱን በእጥፍ ያሳድጋል፤ ያኔ የቅልጥሙ አጥንት ውስጠኛ ዳር ማመም ይጀምራል። ለጀማሪ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንኑ 8 ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። በሶምሶማው ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል።

ክብደት ላይም ያው ነው። ካቀዱት ድግግሞሽ በላይ አንድ ወይም ሁለት መጨመር በሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀን ከቻሉ ከ2 እስከ 10 በመቶ ይጨምሩ። እያንዳንዱን ዙር ገና ሁለት ያህል ድግግሞሽ የመሥራት አቅም እያለዎት ያቁሙ። ለዚያው ጡንቻ 48 ሰዓት ያህል እረፍት ይስጡት፤ ጡንቻ የሚገነባው በእረፍቱ ነው።

“ሴት ክብደት ካነሣች እንደ ወንድ ትፈረጥማለች”

የሴቶች የቴስቶስትሮን (ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን) መጠን ከወንዶች በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ወንዶችም ቢሆኑ እንዲያ ለመፈርጠም ዓመታት ይፈጅባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሁሉ፣ ለሴትም ለወንድም፣ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል።

“በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላ ዋጋ የለውም”

ቁጥሩ የመጣው በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። ከዚያ በታች ያለውም እርምጃ ይጠቅማል፤ በተለይ ከመቀመጥ ለሚነሣ ሰው።

“ውሃ በበዛ ቁጥር ይሻላል”

በረጅም ሩጫ ላይ ሳይጠማ ያለማቋረጥ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) ያቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መወናበድ ያመጣል፤ ሲብስ ይገድላል። ሲጠማዎት ይጠጡ።

“ሁለት ሳምንት ካቋረጥኩ ሁሉም ከንቱ ሆነ፤ ጡንቻውም ስብ ይሆናል”

ጡንቻና ስብ የተለያዩ ሕብረ ሕዋሶች ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው አይለወጥም። የትንፋሽ አቅም ቶሎ ይቀንሳል፤ የጡንቻ ጉልበት ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ብዙም ሳይጎድል ይቆያል። ጉዳት የሚደርሰው ካቆሙበት ለመቀጠል ሲሞክሩ ነው። 20 ኪሎ በሦስት ዙር ይሠሩ ከነበረ በ14 ኪሎ በሁለት ዙር ይመለሱ፤ በሦስተኛው ቀን ሦስተኛውን ዙር ይጨምሩ፤ ከዚያ ክብደቱን ቀስ በቀስ ያሳድጉ። ያቋረጡት በትኩሳት ከነበረ ትኩሳቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅዎት አይጀምሩ።