ራሱን በጥላሸት የሚሸፍን ኮከብ

የሰሜን አክሊል የሚባሉት ኮከቦች ግማሽ ክብ ሠርተው ይታያሉ፤ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላሉ። ሳህኑ ውስጥ አንድ ፈዛዛ ኮከብ አለ። ስሙ አር ኮሮና ቦሪያሊስ ነው። ድምቀቱ 6ኛ ደረጃ አካባቢ ስለሆነ (የደረጃው ቁጥር ሲጨምር ኮከቡ ይበልጥ ፈዛዛ ነው ማለት ነው) ጨለማ በሆነ ቦታ በባዶ ዓይን ለጥቂት ይታያል። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እንዲሁ ይቆያል። ከዚያ ሳይታሰብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድርግም ይላል።

ይህን ጠባዩን እ.ኤ.አ. በ1795 ያስተዋለው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ፒጎት ነው። የቅርቡ ትልቅ መደብዘዝ የጀመረው በ2007 ነበር። ኮከቡ ከ6ኛ ወደ 14ኛ ደረጃ ወረደ። 8 ደረጃ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ግን ብርሃኑ ወደ 1,600 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው! እስከ 2014 ድረስም ወደ ቀድሞ ድምቀቱ አልተመለሰም።

ታዲያ ኮከቡ እየጠፋ ነው? አይደለም። ፊቱን የሸፈነው ራሱ የፈጠረው አቧራ ነው። አር ኮሮና ቦሪያሊስ ያረጀ ኮከብ ነው። ሃይድሮጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ ገላው በአብዛኛው ሂሊየም ሲሆን ካርቦንም በርከት ብሎ አለበት። በየ40 ቀኑ ገደማ ያብጣል፣ መልሶ ይከሳል። በዚህ መሃል ከላዩ ጋዝ ይተፋል። ጋዙ እየራቀ ሲሄድ ይቀዘቅዛል። ወደ 1,500 ዲግሪ ሲወርድ ካርቦኑ ይጠጥርና ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። ሻማ ላይ መስታወት ብትይዙ የሚቀረው ጥቁር ነገር ዓይነት ነው፤ በቃ ጥላሸት። ዳመናው በእኛና በኮከቡ መካከል ከተፈጠረ ኮከቡ ይጨልምብናል። በሌላ ጎን ከተፈጠረ ግን ከዚህ ሆነን ምንም አናይም። ቀስ በቀስ የኮከቡ ብርሃን ብናኙን በሰከንድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር እየገፋ ያርቀዋል፤ ዳመናውም ይሳሳል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የኢንፍራሬዱ ነገር ነው። ለዓይን ኮከቡ ጠፍቶ ሳለ፣ ሙቀት በሚለካ ቴሌስኮፕ ሲታይ እምብዛም አልተለወጠም። በዙሪያው የቆየው አቧራ የዋጠውን ብርሃን በሙቀት መልክ መልሶ ይረጨዋል።

ቤቴልጌዝ የሚባለው ደማቅ ቀይ ኮከብ በ2019 መጨረሻ ሲደበዝዝ ብዙ ሰው ሊፈነዳ ነው ብሎ ነበር። እሱም ዘመድ ባይሆን እንኳ ከፊል ምክንያቱ አቧራ ሆኖ ተገኘ።

እንደ አር ኮሮና ቦሪያሊስ ያሉ ኮከቦች ብርቅ ናቸው፤ በእኛ ጋላክሲ የታወቁት ከመቶ ትንሽ በለጥ ቢሉ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እነዚህ ኮከቦች የተወለዱት ሁለት ነጭ ድንክ ኮከቦች፣ ማለትም ነዳጃቸውን የጨረሱ ኮከቦች ቅሪቶች፣ ተጋጭተው ሲዋሃዱ ነው ይላሉ። ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ ቀዝቀዝ ባሉት የቤተሰቡ አባላት ላይ የተገኘው ኦክስጅን 18 ነው። ይህ ከባድ ኦክስጅን በተራ ኮከብ ላይ በዚያ መጠን አይገኝም።