የኬሞ «አንድ ዙር» ስንት ቀን ነው?

«የኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) መርፌው የአንድ ቀን ከሆነ እስከ ቀጣዩ ሦስት ሳምንት መጠበቁ ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከደብረ ብርሃንም ከመሐል ሜዳም ደጋግሞ ይመጣል።

ዙር ማለት መድኃኒቱ የሚሰጥበት ቀን ከነማገገሚያው ነው። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ያጠቃል፤ ካንሰሩን ብቻ ሳይሆን ደም የሚሠራውን መቅኔና የፀጉር ሥርንም። መቅኔው እስኪያገግም ቀን ያስፈልገዋል።

ለጡት ካንሰር የሚሰጡት ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በብዛት በየ21 ቀኑ 4 ጊዜ ናቸው። ጥቅምት 1 የጀመረች እናት ቀጣዮቹ ቀጠሮዎቿ ጥቅምት 22፣ ኅዳር 13 እና ታኅሣሥ 4 ይሆናሉ። ኢንፌክሽን የሚከላከልላት ነጭ የደም ሴሏ አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን በጣም ይቀንሳል። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ፓራሲታሞል ውጦ ማደር አይገባም፤ ኬሞውን ወደምትወስድበት አዲስ አበባ እስኪደረስም አይጠበቅ። ወዲያው ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ወስዳችሁ «ኬሞ ላይ ናት» በሉ።

የዙሩ ብዛትና ርዝመት ግን እንደ ካንሰሩና እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ ፓክሊታክሰል የተባለው የኬሞ መድኃኒት ለምሳሌ በየሳምንቱም ይሰጣል። ከየዙሩ በፊት የደም ምርመራ አለ። ነጭ ሴሉ አንሶ ቀጠሮው በሳምንት ቢገፋ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ምርመራውን ከጉዞው በፊት ደብረ ብርሃን ላይ ማሠራት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ከንቱ ምልልስ ያስቀራል።