ቀላል ብረትና በውስጡ የሚፈጠረው ካርባይድ

አዳማ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ ከሰል ላይ ይግላል። ፍም ሲመስል ይቀጠቀጥና ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቢላው ጠነከረ። እንዲሁ ቢተው ግን አንድ ቀን ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ መልሰው ትንሽ ያሞቁታል። ያኔ በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ከብረቱ ጋር ተጣምሮ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ይሠራል። ካርባይድ የሚባለው ይኸው ነው።

በተራ አረብ ብረት ውስጥ የሚታወቀው ካርባይድ ሲመንታይት ነው፤ ለአንድ ካርቦን ሦስት የብረት አተም። ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ።

ቀላል ብረት፣ ማለትም ክብደቱ የቀነሰ አረብ ብረት፣ ሌላ ቤተሰብ ነው። ማንጋኒዝ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 በመቶ፣ አሉሚኒየም እስከ 12 በመቶ ገደማ፣ ካርቦን ደግሞ 1 በመቶ አካባቢ ይገባበታል። የሚያቀለው አሉሚኒየሙ ነው። የንጹህ ብረት እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 7.87 ግራም ሲሆን የአሉሚኒየም 2.7 ብቻ ነው። እያንዳንዱ 1 በመቶ አሉሚኒየም የብረቱን እፍጋት በ1.3 በመቶ ገደማ ያወርዳል። በአዳማ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለሰውን ከባድ መኪና አስቡት። ሻንሲው ከአሥር አንድ እጅ ቢቀል በየጉዞው የሚተርፈው ነዳጅ ቀላል አይደለም።

አሉሚኒየም ሲበዛ የሲመንታይትን ቦታ ካፓ ካርባይድ ይወስዳል። ትንሽ ኩብ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ስምንቱ ማዕዘን ላይ አሉሚኒየም አለ። በስድስቱ ፊቶች መሃል ብረት ወይም ማንጋኒዝ፣ በኩቡ ልብ ደግሞ ካርቦን። የማዕዘኑንና የፊቱን አተሞች ጎረቤት ኩቦች ስለሚጋሯቸው፣ ሂሳቡ ለአንድ ኩብ ሦስት ብረትና ማንጋኒዝ፣ አንድ አሉሚኒየም፣ አንድ ካርቦን ይመጣል። ይህ የወረቀቱ ቀመር ነው። እውነተኛው ብረት ውስጥ ካርቦን ሳይደርሳቸው ልባቸው ባዶ የቀረ ኩቦች አሉ።

አፈጣጠሩ በጣም ደስ ይለኛል። ብረቱ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ካርቦኑ ይሟሟል። ቶሎ ውሃ ሲነከር እንደተበተነ ይያዛል። ከዚያ 550 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ሲቆይ ካርቦንና አሉሚኒየም አንዱ ጋ ይበዛሉ፣ ሌላው ጋ ይሳሳሉ፤ ቀስ በቀስም ሥርዓት ይዘው ይደረደራሉ። በናኖሜትር የሚለኩት እነዚህ ቅንጣቶች ከዙሪያቸው የአተም አደራደር ጋር ይገጥማሉ። ስለዚህ ብረቱን ብዙም ሳያሰብሩት ያጠነክሩታል።

ጊዜው ሲረዝም ግን ካፓ በግሬኖቹ፣ ማለትም ብረቱ በተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች፣ ድንበር ላይ ይወፍራል። ስንጥቅ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ድንበሩን ተከትሎ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚጨመረው ነገር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሲሊከን የካፓን አፈጣጠር ያፋጥናል፣ ሞሊብዲነም ያዘገየዋል።

ሌላም እንከን አለ። አሉሚኒየም ሲበዛ ብረቱ በጭነት ጊዜ ይበልጥ ይለመጣል፤ ስለዚህ የቀለለውን ያህል አንዳንዴ ማወፈር ያስፈልጋል። ሲቀልጥም አሉሚኒየሙ ከአየርና ከማቅለጫው ዝቃጭ ጋር ስለሚዋሃድ ማፍሰሱ አስቸጋሪ ነው።

ብየዳውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከብየዳው መስመር አጠገብ ያለው ብረት ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። አቀዛቀዙ ከዘገየ ካፓ ድንበሩ ላይ ለመወፈር ጊዜ ያገኛል። መስመሩ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ብረቱ ከጎኑ ሊሰነጠቅ ይችላል።