«ጨረቃ ነው» ሲሏችሁ

አዲስ አበባ፣ ሃና ማርያም አካባቢ ቤት ስፈልግ ደላላው ጠጋ ብሎ «ዋጋው የወረደው ጨረቃ ስለሆነ ነው» አለኝ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ኮርኒሱም ያምራል። ታዲያ ጨረቃው የቱ ጋ ነው?

ነገሩ ከአሠራሩ ጋር አይገናኝም። ጨረቃ ቤት ማለት ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ነው። ስሙ የመጣው ደንብ አስከባሪ እንዳያይ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ተማግሮ፣ ቆርቆሮ ተመትቶ፣ ሲነጋ ሰው ገብቶበት ስለሚገኝ ነው። (ከጭቃ ቤት ጋር የሚያምታቱት አሉ። የጭቃ ቤት ካርታ ሊኖረው ይችላል፣ ቪላም ጨረቃ ሊሆን ይችላል።)

ሰው ሲያወራ «ቤት» የሚለውን ይጥለዋል፦ «ጨረቃ ነው ወይስ ካርታ አለው?» ካርታ የይዞታ ማረጋገጫው ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው፣ ጨረቃ ደግሞ ለቤቱም ወረቀት የለውም። መብራት ገብቶለት ይሆናል፣ የመብራት ቢል ግን ካርታ አይደለም።

አንዳንድ ደላላ ስሙን ሲያሳምረው «ሰነድ አልባ» ይለዋል። ያኔ «በ1997ቱ የአየር ካርታ ላይ ይታያል?» በሉት፤ ካርታው በ1997 ዓ.ም. ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶ የተሠራ ስለሆነ ቤቱ ያኔ መኖር አለመኖሩን ያሳያል። የኔው ደላላ ይሄን ስጠይቀው ድንገት ስልክ ተደወለለት።